፳፻፱ ወይስ ፪ሺ፱? ዓመተ ምሕረትን በግዕዝ ቁጥር ድንጋይ ላይ ለመጻፍ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ጣፎ አካባቢ የማስታወቂያ ጽሕፈትና የእብነ በረድ ቀረጻ እሠራለሁ። አንድ እድር ለአዲሱ አዳራሹ በር የሚለጠፍ እብነ በረድ አዝዞኛል። ጽሑፉ ‹ሚያዝያ 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ› የሚል ነው። ቁጥሩ ግን በግዕዝ ይሁን ብለዋል። የእድሩ ሊቀመንበር 2009ን ‹፪፼፱› ብለው ጻፉልኝ። ጸሐፊው ‹የለም፣ ፪ሺ፱ ነው› አሉ። ስልኬ ላይ ያለው መቀየሪያ ‹፳፻፱› ይላል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ‹እንደ ሮማ ቁጥር ነው፣ ትንሹ ከቀደመ ይቀነሳል፤ ስለዚህ ፳፻ ማለት ሰማንያ ነው› ብሎ ጭራሽ ግራ አጋባኝ። የትኛውን ልቅረጽ? ድንጋዩ ውድ ነው፣ ከተበላሸ ከኪሴ ነው የምከፍለው።»

ምላሽ፦ ስልክህ ልክ ነው። የምትቀርጸው «ሚያዝያ ፴ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም. ተመሠረተ፤ ኅዳር ፳፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም. ተመረቀ» የሚለውን ነው። የሊቀመንበሩ ፪፼፱ ሲነበብ 20,009 ይሆናል። እንደሱ ከሆነ እድሩ እስኪመሠረት ገና ወደ 18 ሺህ ዓመት ይቀራል። የጸሐፊው ፪ሺ፱ ይነበባል፣ ዋጋውም አልተሳሳተም። ለድንጋይ ግን አልመክርህም፤ ምክንያቱን ስደርስበት እነግርሃለሁ። የባልደረባህ ስሌት ስህተት ነው። ሆኖም ከአራቱ ሐሳቦች ዋናውን ነገር የሚነካው የሱ ነውና ከሱ ልጀምር።

የሮማ ቁጥር ያለው ሰባት ፊደል ብቻ ነው። ለ1፣ ለ5፣ ለ10፣ ለ50፣ ለ100፣ ለ500 እና ለ1,000። በሰባት ፊደል ሁሉንም ቁጥር ልጻፍ ካልክ ድግግሞሹ ይበዛል። መቀነስ የሚረዳው ያንን ለማሳጠር ነው። አራት ዘንግ ከመደርደር ከአምስቱ ምልክት ፊት አንድ ዘንግ ማቆም ይቀላል። ዘጠኝም እንዲሁ ነው፤ ከአሥሩ ምልክት ከኤክስ ፊት አንድ ዘንግ ይቆማል። እዚያም ቢሆን መቀነስ እንደፈለጉ አይደለም። አንድ የሚቀነሰው ከ5 እና ከ10 ብቻ ነው። አሥር የሚቀነሰው ከ50 እና ከ100፣ መቶ ደግሞ ከ500 እና ከ1,000 ነው። ስለዚህ 99ን «ከመቶ አንድ ሲጎድል» ብሎ በሁለት ፊደል መጻፍ ለሮማውም ስህተት ነው። መጀመሪያ ዘጠናው፣ ቀጥሎ ዘጠኙ ይጻፋል። ይህም ሆኖ ብዙ የግድግዳ ሰዓቶች አራትን በአራት ዘንግ ነው የሚጽፉት። ባልደረባህ የጠቀሰው ደንብ በራሱ አገር እንኳ ሁልጊዜ አይከበርም።

በግዕዝ ቁጥር ውስጥ ግን መቀነስ የሚባል ነገር የለም። በፍጹም የለም። የሚያስፈልግበትም ቦታ የለም፤ ምክንያቱም ምልክቶቹ ሃያ ናቸው። ከፊደል ገበታው ግርጌ ተደርድረው ታገኛቸዋለህ። ከአንድ እስከ ዘጠኝ ፩ ፪ ፫ ፬ ፭ ፮ ፯ ፰ ፱ አሉ። ከአሥር እስከ ዘጠና ፲ ፳ ፴ ፵ ፶ ፷ ፸ ፹ ፺ አሉ። ከዚያ ፻ እና ፼ ይመጣሉ። አራት የራሱ ምልክት አለው፣ ዘጠኝም አለው፣ አርባና ዘጠናም አላቸው። ሮማውያን በመቀነስ የሚወጡት ችግር እኛ ዘንድ ከመጀመሪያውም አልነበረም።

የነዚህ ምልክቶች ዘር ከሮማ ሳይሆን ከግሪክ ነው። ግሪኮች ፊደላቸውን እንደ ቁጥርም ይጠቀሙበት ነበር። አልፋ አንድ፣ ቤታ ሁለት፣ ጋማ ሦስት እያለ ይሄዳል። የግብፅ ኮፕቶችም ይህንኑ ስልት ይዘውታል። የእኛ ፩ ከአልፋ፣ ፪ ከቤታ፣ ፲ ከዮታ፣ ፻ ደግሞ ሮ ከሚባለው ፊደል የመጡ ናቸው። ከላይና ከታች ያለው መስመር ምልክቱ ቁጥር እንጂ ፊደል አለመሆኑን ይናገራል። ቁጥሮቹ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ኢዛና የአክሱም የድንጋይ ጽሑፎች ላይ ይገኛሉ። በዚህ ሥራ ብራና ጸሐፊዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ድንጋይ ቀራጮቹም ቀድመውሃል ማለት ነው። በአንድ ነገር ግን ከግሪኩ ተለየን። ግሪኮች ለ200፣ ለ300፣ እስከ 900 ድረስ ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ፊደል መድበዋል። የእኛው መቶ ላይ ቆመና ከዚያ በላይ ያለውን በማባዛት መጻፍ ያዘ።

ባልደረባህ የሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ፻ ፊት የቆመ ቁጥር ይባዛል። ከ፻ ኋላ የቆመ ይደመራል። ፪፻ ሁለት መቶ ነው፤ ፻፪ ደግሞ መቶ ሁለት። ፳፻ ሁለት ሺህ ነው፤ ፻፳ መቶ ሃያ። ቦታ ሲለዋወጥ ዋጋው ሰማይና ምድር ይሆናል። ይህን የማባዛት ሥልጣን ያላቸው ግን ፻ እና ፼ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ አሥራ ስምንቱ ሁልጊዜ ይደመራሉ። ስለዚህ «ሁለት አሥር» ለማለት ፪፲ ብሎ መጻፍ አይቻልም። ሃያ ከፈለግህ ፳ አለልህ።

2,017 ብር በባለመቶ ኖት ስትከፍል አስበው። ሃያ ባለመቶ ትቆጥራለህ፣ ከዚያ አሥራ ሰባት ብር ዝርዝር ትጨምራለህ። በግዕዝም የምትጽፈው ይህንኑ ነው፤ ፳ ኖት፣ ፻ የኖቱ ዋጋ፣ ፲፯ ዝርዝሩ። ፳፻፲፯። 2,009 ብር ከሆነ ደግሞ ሃያ ባለመቶና ዘጠኝ ብር ነው፤ ፳፻፱። በመካከል ባዶ ቦታ የለም፣ የሚሞላም ነገር የለም።

ዜሮን የሚፈልጉ ሰዎች የሚሰናከሉት እዚሁ ነው። በለመድነው ቁጥር 2009 ስንጽፍ ሁለቱ ዜሮዎች ቦታ ይጠብቃሉ። እነሱ ባይኖሩ 29 ይሆን ነበር። በግዕዝ ግን ዘጠኙ የትም ቢቆም ዘጠኝ ነው፣ ሃያውም ሃያ ነው። ቦታ የሚጠብቅ ዜሮ ስለማያስፈልግ ምልክቱም የለም። ከዚህ የተነሳ አኀዝ በአኀዝ መተካት ፈጽሞ አይሠራም። 2017ን ወስዶ ለሁለቱ ፪፣ ለዜሮው 0፣ ለአንዱ ፩፣ ለሰባቱ ፯ ማድረግ ጸያፍ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በባነር ላይ አያለሁ። አንዳንዱማ ዜሮዋን በፊደሉ ዐ ይተካታል። ቁጥር ሊጽፍ ተነስቶ ፊደል ጽፎ ያርፋል።

አሁን ደንቡን በእጅህ ሥራው። ቁጥሩን ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ሁለት እያደረግህ ክፈለው። 2009 ሲከፈል 20 እና 09 ነው። የግራውን ጥንድ ጻፍ፣ ፳። ቀጥሎ ፻ አስገባ። የቀኙን ጥንድ ጻፍ፣ ፱። አለቀ። 2017 ማለት 20 እና 17 ነው፤ ፳፻፲፯። የዐድዋ ድል ዓመት 1888፣ 18 እና 88 ይሆናል፤ ፲፰፻፹፰። 1966 ደግሞ ፲፱፻፷፮ ነው። 1905 ሲሆን የቀኙ ጥንድ 05 ስለሆነ ፭ ብቻ ይቀመጣል፤ ፲፱፻፭። ልክ 2000 ከሆነ በቀኝ የሚጻፍ ነገር ስለሌለ ፳፻ ብለህ ትተዋለህ። አንድ ሺህ ፲፻ ነው፣ አሥር መቶ ማለት። እድሩ ፈልጎ ዓመተ ዓለምን ጨምርልን ቢልህ 5,500 ደምርበት። 2017 ሲደመርበት 7,517 ይመጣል፤ በግዕዝ ፸፭፻፲፯ ይሆናል።

በየጥንዱ ውስጥ አሥሩ ይቀድማል፣ አንዱ ይከተላል። ፲፯ እንጂ ፯፲ አይደለም። ሌላ ትንሽ ግን ብዙ ሰው የሚስታት ነገር አለች። መቶ ብቻውን ሲሆን ፻ ነው፣ ፩፻ አይባልም። መቶ ሃምሳው የዳዊት መዝሙር ፻፶ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ፩፻፶ የሚል ካየህ የጻፈው ሰው ከለመደው ቁጥር አንዱን አኀዝ ይዞ መጥቷል።

ወደ ሊቀመንበሩ ልመለስ። ፼ አሥር ሺህ ነው፣ እልፍ። ቅርጹን ጠጋ ብለህ ብታየው ሁለት ፻ የተያያዙበት ነው፤ መቶ ጊዜ መቶ። ሊቀመንበሩ ሺህ መስሎ የታያቸው አያስደንቅም። ገበታው ላይ ከ፻ ቀጥሎ ያለው ምልክት ይህ ብቻ ነው። ከመቶ በኋላ ሺህ የሚመጣበትን አቆጣጠር የለመደ ሰው ፼ን አይቶ «ይሄ ሺህ ነው» ቢል የሚጠበቅ ነው። ግን አይደለም። ለሺህ የተለየ ምልክት የለም፤ ሺህ የሚጻፈው በመቶ ነው። ሄሮድስ ስላስገደላቸው ሕፃናት ሲተረክ «አሥራ አራት እልፍ ከአራት ሺህ» ሲባል ሳይሰሙ አይቀሩም። ያ 144,000 ነው። በግዕዝ ፲፬፼፵፻ ይጻፋል፤ አሥራ አራት እልፍ፣ ከዚያ አርባ መቶ። ይህን አንዱን ምሳሌ ወረቀት ላይ ጽፈህ አሳያቸው። ሁሉም የሚያውቁት ትረካ ስለሆነ ክርክሩ ቶሎ ይዘጋል፤ ሽማግሌ ሰው በልጅ ፊት ተሳሳቱ የሚባልበት ነገርም አይመጣም።

ከአሥር ሺህ በላይ ያለው ለድንጋይ ሥራ እምብዛም ስለማይገጥምህ ባጭሩ ልለፈው። ጥንድ ጥንዱን ስትከፍል ከቀኝ ሲቆጠር በመጀመሪያው ክፍተት ፻፣ በሁለተኛው ፼፣ በሦስተኛው እንደገና ፻ እያፈራረቅህ ታስገባለህ። 7,654,321ን ውሰድ፦ 7፣ 65፣ 43፣ 21። ሲጻፍ ፯፻፷፭፼፵፫፻፳፩ ይሆናል። አንድ ሚሊዮን ፻፼ ነው።

የጸሐፊው ፪ሺ፱ ከየት መጣ? የኔ ግምት ካነጋገራችን ነው የሚል ነው። ከሚሊኒየሙ በፊት ዓመቱን «አሥራ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ሦስት» ብሎ በመቶ መጥራት የተለመደ ነበር። አፍ የሚለውን እጅ ይጽፈዋል፤ ፲፱፻፹፫። 2000 ከገባ ወዲህ ግን «ሃያ መቶ ዘጠኝ» የሚል ሰው የለም። ሁሉም «ሁለት ሺህ ዘጠኝ» ነው የሚለው። እጅም አፍን ተከትሎ ፪ሺ፱ ማለት ጀመረ። አሁን በሠርግ ጥሪ ወረቀትም፣ በባነርም፣ በመጽሐፍ ሽፋንም ሞልቷል። አንባቢ አይሳሳትበትም፤ ስለዚህ ወንጀል አላደርገውም። ለአንድ ቀን በሚሰቀል ባነር ላይ ደንበኛው ከፈለገው ጻፍለት።

ድንጋይ ላይ ግን ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ሰዎቹ የግዕዝ ቁጥር ብለው አዝዘውሃል። ፪ሺ፱ ግማሹ የግዕዝ ምልክት፣ ግማሹ የአማርኛ ቃል ነው። እድሩ ውስጥ አንድ ቄስ ወይም የአብነት ትምህርት የቀመሰ ሰው አይጠፋም፤ በምረቃው ቀን አንገቱን የሚነቀንቀው እሱ ነው። ሁለተኛው የዓይን ጉዳይ ነው። ቁጥሮቹ ላይና ታች መስመር አላቸው፣ ሺ ግን የለውም። በተከታታይ ሲቀረጹ መሐል ላይ ጥርስ የወለቀ ይመስላል። ፳፻፱ ሦስት ምልክት ነው፣ ፪ሺ፱ም ሦስት ነው። የምታተርፈው ቦታ እንኳ የለም።

ሌሎች የሚገጥሙህ ስህተቶች አሉ። «፳፲፯» ብሎ ፻ን የዘለለ ጽሑፍ አይተህ ይሆናል። ያ ዓመት አይደለም፤ ሃያና አሥር ተከታትለው የሚመጡበት ቁጥር ጭራሽ የለም። «፪፻፱» 209 ነው። ከሁሉም የሚያታልለው ግን ፳፻፺ ነው። 2009 ውስጥ ያለውን 09 ገልብጦ እንደ 90 ያየ ሰው የሚሠራው ነው፤ ሲነበብ 2090 ይሆናል። ፱ እና ፺ ሁለቱም የዘጠኝ ወገን ስለሆኑ ፈጥኖ የሚያይ አራሚም ያልፈዋል። ያንተ ድንጋይ ላይ ይህ አደጋ ስላለ ፱ኙን ለብቻው ተመልከተው።

ቀንና ዓመትንም አታጣብቅ። በለመድነው ቁጥር «30/8/2009» ብለን በእዝባር እንለያለን። በግዕዝ ሁለት ቁጥሮች ከተጠጉ አንድ ቁጥር መስለው ይነበባሉ። «ቀን» የምትለዋ ቃል በመካከል የምትገባው ለጌጥ አይደለም። ወሩንም በስሙ ጻፈው፣ በቁጥር አታድርገው። የመቃብር ድንጋይ ሲመጣልህ ደግሞ በልደትና በዕረፍት ዓመት መካከል ሰረዝ አትቅረጽ። ሰረዙ ከቁጥሮቹ መስመር ጋር ይቀላቀላል። «ከ፲፱፻፴፮ እስከ ፳፻፲፭ ዓ.ም.» ብትል ንጹሕ ሆኖ ይነበባል።

ወደ ቅርጽ ስንመጣ፣ ላይና ታች ያሉት መስመሮች የቁጥሩ አካል ናቸው። ጥልቀታቸው ከመሐሉ ጋር እኩል ይሁን። ስስ አድርገህ ከጫርካቸው ዝናብና አቧራ ሲፈራረቅበት መጀመሪያ የሚጠፉት እነሱ ናቸው። መስመር ያጣ ፳ ሃ ይመስላል። ፲ ደግሞ ከነመስመሩም ቢሆን የሮማውን አንድ ይመስላል። እንዳንተ ባልደረባ የሮማ ቁጥር አእምሮው ውስጥ ላለ ሰው ፲፯ን ሲያይ ሊደናገር ይችላል። የ፲ን ዘንግ ድርቅ ያለ ቀጥ አታድርገው፤ ፎንቱ የሚሰጠውን ትንሽ ጉብጠት ጠብቅለት። ፮ እና ፯ንም ከጎን ለጎን አስቀምጠህ ሳታመሳክር አትጀምር። በብራና ላይ ጸሐፊዎች የአጎራባች ቁጥሮችን መስመር አንዳንዴ አገናኝተው ይስቡታል፣ ብዙ ጊዜም በቀይ ቀለም። በድንጋይ ላይ እያንዳንዱ ቁጥር የራሱ መስመር ቢኖረውና በመሐሉ ጠባብ ክፍተት ቢተው ይሻላል።

ፎንትን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የግዕዝ ፊደልና ቁጥር ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች አሁንም በየማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አሉ። በነሱ የተጻፈ ፋይል ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ቁጥሩ ወደ ሌላ ምልክት ሊለወጥ ይችላል። ፊደሉ ተስተካክሎ ቁጥሩ ብቻ የተበላሸ ሥራም አለ። ሌላው ችግር፣ አንዳንድ ያማሩ አዳዲስ ፎንቶች ቁጥሮቹን ጭራሽ አልያዙም። ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ሳይነግርህ ቁጥሩን ከሌላ ፎንት ያመጣዋል። ፊደሉ ወፍራም፣ ቁጥሩ ቀጭን ሆኖ ካየህ ይህ ነው የሆነው። ንድፉን ወደ መቁረጫ ማሽን ከመላክህ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይረው፣ ከዚያ በኋላ ፎንት አይለዋወጥብህም።

ስልክህ ላይ ያለው መቀየሪያ በዚህ ጊዜ ልክ ቢሆንም ሁሉም እንዲህ አይደሉም። በአራት ቁጥር ፈትነው፦ 100፣ 1,000፣ 10,000 እና 1905። ፻፣ ፲፻፣ ፼ እና ፲፱፻፭ ካለህ እመነው። ለመቶ ፩፻ ወይም ለሺህ ፼ ከሰጠህ አጥፋውና በእጅህ ሥራ።

የእድሩ ሰዎች ነገሩ ጥሟቸው «ሁሉንም በግዕዝ አድርግልን» ሊሉህ ይችላሉ። እዚህ ላይ እምቢ በል። ስልክ ቁጥር በግዕዝ አይጻፍም። በዜሮ የሚጀምር ነገር የግዕዝ ቁጥር ሊይዘው አይችልም፤ ስልክ ደግሞ መጠን ሳይሆን የአኀዝ ሰልፍ ነው። የቤት ቁጥር፣ የብሎክ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ ዋጋ፣ ከነጥብ በኋላ ሳንቲም ያለው ሁሉ በለመድነው ቁጥር ይቆይ። ኮንዶሚኒየም ብሎክ ላይ ፻፵፯ ብለህ ብትጽፍ ያምራል፣ ሌሊት የታመመ ሰው ሊወስድ የመጣ አምቡላንስ ሾፌር ግን ግቢውን ሲዞር ያድራል። የእድሩ የገንዘብ መዝገብም እንዲሁ ነው። ኤክሴል ፳፻፱ን እንደ ጽሑፍ እንጂ እንደ ቁጥር አያየውም፣ አይደምረውም። ቀን፣ ዓመት፣ ምዕራፍ፣ ተራ ቁጥር፣ እነዚህ ለግዕዝ ይስማማሉ። ከዚያ ያለፈው አያዋጣም።

ተራ ቁጥር ካነሳሁ፣ «፩ኛ»፣ «፪ኛ»፣ «፲፪ኛ» ብሎ መጻፍ ትክክል ነው። የነገሥታት ስም ላይ ግን ቃሉ ይሻላል። አውሮፓውያን ከንጉሥ ስም ኋላ የሮማ ቁጥር ያቆማሉ። እኛ ከፊት «ቀዳማዊ»፣ «ዳግማዊ»፣ «ሣልሳዊ» እንላለን፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ዳግማዊ ምኒልክ። ማንም «ምኒልክ ፪» ብለህ ቅረጽ ቢልህ አትስማው።

አንድ ክርክር ሊነሳ ይችላል። በእድሩ ውስጥ ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ካለ «፲፯ ሳይሆን ፲ወ፯ ነው» ሊል ይችላል። ተሳስተሃል አትበለው። በግዕዝ ጽሑፍ «ወ» በአሥሩና በአንዱ መካከል ትገባለች። ፲ወ፪ ሐዋርያት፣ ፫፻፲ወ፰ ሊቃውንት እየተባለ ይጻፋል። ያንተ ድንጋይ ግን «ተመሠረተ» እና «ተመረቀ» የሚል የአማርኛ ጽሑፍ ነው። በአማርኛ «ወ» አትገባም። ጽሑፉ በሙሉ ግዕዝ ቢሆን ኖሮ አስገባት እልህ ነበር።

የቀረህ ሥራ ይህ ነው። በእብነ በረዱ ልክ ወረቀት ቁረጥና ሙሉውን ጽሑፍ በእውነተኛ መጠኑ ጻፍበት። ከሥሩ በትንሹ በእርሳስ 30፣ 2009፣ 21፣ 2017 ብለህ አስቀምጥ፤ ለማመሳከሪያ ነው እንጂ ድንጋዩ ላይ አይገባም። ቀኖቹን ከግድግዳ ካላንደር ጋር አስተያይ፤ ከ፩ እስከ ፴ ያለው ሁሉ እዚያ ታትሟል። ከዚያ 2009 መሆኑን ያልነገርከውን አንድ ሰው ጥራና ፳፻፱ን አስነብበው። ዳዊት የደገመ ሰው ካገኘህ ይበልጥ ጥሩ ነው። እሱ ያነበበው ከእርሳሱ ጋር ከገጠመ ወረቀቱን ለሊቀመንበሩም ለጸሐፊውም አሳይና ሁለቱም እንዲፈርሙበት አድርግ። ፊርማው ካልመጣ ግራይንደሩን አታስነሳ።